ሜምኖን ለምን ግሪክ መሰለ? በጥንታዊ የግሪክ ሸክላ ላይ የተሣሉ ባዕዳን

ሰናይት_ለንደን (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ሥዕል ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛልና ላካፍላችሁ።

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የአቴናው ሸክላ ሠሪና ሠዓሊ የኤክሴኪያስ ሥራ ነው የሚባል አንድ አምፎራ አለ። አምፎራ ማለት ሁለት ጆሮ ያለው፣ ወይንና ዘይት የሚቀመጥበት እንስራ ነው። ይህኛው ወደ 535 ቅ.ል.ክ. ግድም የተሠራ ነው። በአንድ ጎኑ የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ የአማዞኖችን፣ የተረቱን ተዋጊ ሴቶች፣ ንግሥት ፔንተሲሌያን ሲገድላት ይታያል። እኔን የያዘኝ የወዲያኛው ጎኑ ነው። እዚያ የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ሜምኖን ግራና ቀኝ በሁለት ተከታዮች ታጅቦ ቆሟል። ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪሌስ እጅ የሞተው ሜምኖን ማለቴ ነው፤ እናቱ የንጋት አምላክ ኤኦስ ናት።

ሁለቱ አጃቢዎች አፍሪካውያን ለመሆናቸው ማንም አይጠራጠርም። አፍንጫቸው፣ ከንፈራቸው፣ ፀጉራቸው ይናገራል። ንጉሣቸው ግን የግሪክ ዘማች ነው። ትጥቁም አቋሙም የግሪክ። አጃቢዎቹን በእጃችሁ ብትሸፍኗቸው ሜምኖንን ከአኪሌስ ወገን ነው ትሉታላችሁ።

ሙዚየሙ በድረ ገጹ ያወጣውን ፎቶ እያጎላሁ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልነግራችሁም። ሦስቱንም የሣለው ያው አንድ እጅ፣ ያው አንድ ሹል መሣሪያ ነው። የአጃቢዎቹን ፊት እንዲህ አጥርቶ ያወጣ ሰው የንጉሡን ፊት ማውጣት አቅቶት አይደለም። አስቦበት ነው። ለምን ይመስላችኋል?

ዲሲ_ዳር

ሰናይት፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ወደ «ለምን» ከመግባታችን በፊት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እናጥራ፤ ፎቶውን አይቶ «ሁሉም ጥቁር ናቸው እኮ!» የሚል መምጣቱ አይቀርም።

ኤክሴኪያስ የሠራበት ስልት ጥቁር ምስል ይባላል። በዚህ ስልት ወንድ የሆነ ሁሉ ጥቁር ነው። አኪሌስም እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ሴቶች ደግሞ ነጭ ይቀባሉ፤ እዚያው ማሰሮ ላይ ፔንተሲሌያን ብታያት ፊቷ ነጭ ነው። ስለዚህ ጥቁረቱ የሚነግረን ዘር ሳይሆን ፆታ ነው። ሠዓሊው አፍሪካዊ ሰው መሣል ሲፈልግ ቀለም አይረዳውም፤ ያለው የፊት ቅርጽና ፀጉር ብቻ ነው።

ከ530 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠ። ዙሪያው ጠቁሮ ሰዎቹ በሸክላው ቀይ መልክ ቀሩ። አሁንም ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ግሪኩም፣ ፋርሱም፣ አፍሪካዊውም ብርቱካንማ። የቆዳ ቀለም በእውነት የሚታየው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ነጭ በተቀባ ትንንሽ የሽቶ ዕቃ ላይ የተሣሉት አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው፤ ሱሪ ለብሰው፣ ከዘንባባ ዛፍ ጎን፣ ጥቁር ሆነው። ሁለተኛው በሰው ጭንቅላት ቅርጽ የተሠሩት ጽዋዎችና የዘይት ዕቃዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአንድ በኩል የአፍሪካዊ፣ በሌላ በኩል የነጭ ሴት ፊት ያላቸው፣ ማጅራት ለማጅራት የተጣበቁ አሉ። የአፍሪካዊው ቆዳ ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው፤ ሲታይ የተወለወለ ይመስላል።

የወለቃ_ልጅ

ስለዚያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እኔ ልናገር፤ የቤታችን ጉዳይ ነውና። አያቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ነን፤ እኔ ያደግኩት እስራኤል ነው።

ግሪኮቹ ጥቁሩን ያወጡት በቀለም አይደለም። የሚሥሉበት ያው ጭቃው ነው፤ ብረት የበዛበት፣ ተጣርቶ ተጣርቶ እንደ ወተት የቀጠነ። በብሩሽ ሲሣል ከማሰሮው አካል ብዙም አይለይም። የሚለየው እሳት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ምድጃው አየር እያገኘ ይነዳል፤ ሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ የአየር መግቢያው ይዘጋና እርጥብ እንጨት ይጨመርበታል። ጭሱ ሲያፍነው ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየሩ ይከፈታል። የማሰሮው አካል ያን ጊዜ ተመልሶ ይቀላል፤ የተሣለበት ግን በሙቀቱ ቀልጦ እንደ መስታወት ስለገጠመ አየር አይዘልቀውም፤ እንደጠቆረ ይቀራል። ሙቀቱ ከ800 እስከ 950 ዲግሪ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር፣ በዓይንና በጭሱ መልክ ብቻ ነው የሚለኩት። ትንሽ ቢዘገዩ ሥዕሉ ሁሉ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይቀላል።

አያቴም ጭሱን ያውቁት ነበር። «አሁን ጠገበ» ይሉ ነበር፤ በምን እንዳወቁ ግን ሊያስረዱን አይችሉም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ኤክሴኪያስ በሠራቸው ማሰሮዎች ላይ «ኤክሴኪያስ ሠራኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ማሰሮው ራሱ እንደሚናገር አድርጎ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ ነበር። ቡዳ ይሏቸው ነበር። አንድም ዕቃ ላይ ስማቸው የለም። ያንን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አለቀስኩ።

ሰናይት_ለንደን

እህቴ፣ ስለ አያትሽ ስላካፈልሽን እግዚአብሔር ያክብርሽ። የእሳቱን ነገር እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ጋሽ_ተሰማ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሰናይት «የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ» ብለሽ ጽፈሻል። ፈረንጆቹ «አይቲዮፕስ» የሚለውን ከ«አይቶ» ማቃጠልና ከ«ኦፕስ» ፊት አውጥተው «ፊቱ የተቃጠለ» ይሉናል። እኔ አልቀበለውም። አባቶቻችን ስሙን ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ ነው የሚያወርዱት። ግሪኩ የሰማውን የባዕድ ስም በራሱ ቋንቋ ፈትቶት ሊሆን ይችላል። ሆሜር ራሱ «ነውር የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ብሎ ዜኡስ ለግብዣ ወደ እነሱ እንደሄደ ይናገራል። እንዲህ የተከበረ ሕዝብ በመቃጠል ይጠራል?

ዲሲ_ዳር

ጋሽ ተሰማ፣ በአክብሮት ልመልስልዎ። የኢትዮጲስ ትውፊት የራሳችን ሀብት ነው፤ ማንም አይወስድብንም። በእነዚህ ሸክላዎች ዘመን ግን ግሪኮቹ ቃሉን የሚጠቀሙት በዋናነት ከግብፅ ደቡብ ላለው ሕዝብ ነው፤ ኑቢያ፣ ኩሽ ለምንለው። ሠዓሊዎቹ ያዩት ሰውም ከዚያ በግብፅ በኩል የመጣውን ይመስለኛል። ስሙ ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ የሚያሳይ ግሩም ማስረጃ ደግሞ አገር ቤት አለ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ዔዛና የድንጋይ ጽሑፍ። ግዕዙ «ሐበሠት» ያለውን ግሪኩ «አይቲዮፔስ» ይለዋል። ካሱን፣ ማለትም ኩሽን፣ ለብቻው ይጠራዋል። ያን ጊዜ አክሱም ስሙን ለራሷ ወስዳዋለች። ከኤክሴኪያስ ግን ከ800 ዓመት በላይ በኋላ ነው።

ጋሽ_ተሰማ

የዔዛናውን እቀበላለሁ። የመቃጠሉን ግን አሁንም አልቀበልም። ቀጥሉ።

መርካቶ_ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ያህል አልተመሰጥኩም። እናንተ ውበቱን ታያላችሁ፤ እኔ የምጠይቀው ማን ለማን ይሥላል ነው። ሶታዴስ የሚባል የአቴና ሸክላ ሠሪ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መሐል አዞ አንድ ጥቁር ልጅ ይዞ ሲበላው የሚያሳይ ዋንጫ ሠርቷል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ቅርጹን ደጋግመው አውጥተውታል። ግሪኩ በግብዣው ላይ ወይን ሞልቶ የሚጠጣው ከዚያ ነው። የልጁን አፍ አይታችሁታል? እየጮኸ እኮ ነው። ይህ ክብር ነው?

የግሪኮቹን ጉልበተኛ ጀግና ሄራክሌስንና ቡሲሪስንም እዩ። ቡሲሪስ እንግዳ ሰው ለመሥዋዕት የሚያርድ የግብፅ ንጉሥ ነው ይላሉ። አቴና ባለው፣ የፓን ሠዓሊ የሚባለው ሰው በሣለው ማሰሮ ላይ ሄራክሌስ አንዱን የግብፅ ካህን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እንደ ዱላ ያወዛውዘዋል። ካህናቱ ራሳቸው የተላጨ ነው፤ ልብሳቸው ተገልቦ መገረዛቸው ሆን ተብሎ ይታያል፤ ግሪኩ ስለማይገረዝ እንዲስቅባቸው። እኛም የምንገረዝ ሰዎች ነን። እኔ ያንን ሥዕል ሳይ አልሳቅሁም።

ሰናይት_ለንደን

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። የአዞውን ዋንጫ አውቀዋለሁ፤ ማየት ይከብደኛል። ላስተባብለው አልፈልግም።

የቡሲሪሱን ግን ትንሽ እናብላላው። ቪየና ያለውን ሌላ ማሰሮ አይተኸዋል? ወደ 510 ቅ.ል.ክ. ግድም ኢጣሊያ ውስጥ በሰፈሩ ግሪኮች የተሠራ፣ እዚያው ኢጣሊያ ቼርቬቴሪ ከተማ የተገኘ የውኃ እንስራ ነው። እዚያ ሄራክሌስ እንደ ተራራ ገዝፎ ግብፃውያኑን በእጁም በእግሩም ይደፈጥጣቸዋል። ሠዓሊው ግን ግብፅን ያውቃታል። ሄራክሌስ የፈርዖኖቹ ምስል ላይ እንዳለው ግዙፍ ንጉሥ ነው፤ ጠላቱን በእግሩ ሥር የሚረግጠው። የራሳቸውን የድል ሥዕል ወስዶ መልሶ እነሱኑ መታበት። ግብፃውያኑም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ጥቁርም አለ፣ ቢጫ የመሰለም አለ። ፌዝ ነው፤ ነገር ግን ከዕውቀት የመጣ ፌዝ ነው። ይህ ያሻሽለዋል ወይስ ያባብሰዋል፣ እኔም አልቆረጥኩም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ ግን ያን ጊዜውኑ ታሪኩን የማይረባ ተረት ብሎ ጥሎታል፤ ግብፃውያን እንስሳ እንኳ ለመሠዋት የሚጠነቀቁ ሰዎች ናቸው ብሎ።

ጎህ

ከአፍሪካውያኑ ትንሽ ወጣ ልበል። እኔን የነካኝ የትራቄ ሴቶች ሥዕል ነው። ትራቄ ከግሪክ ሰሜን ናት፤ የዛሬዋ ቡልጋሪያና አካባቢዋ። አቴናውያን ትራቄ ሰው ለማለት ወንድ ከሆነ የቀበሮ ቆዳ ቆብና ዥንጉርጉር ካባ ያለብሱታል። ሴት ከሆነች ንቅሳት።

ሽቬሪን፣ ጀርመን ያለ አንድ የመጠጫ ዕቃ ላይ ጌሮፕሶ የምትባል አሮጊት አለች። የልጁ የሄራክሌስ ሞግዚት ናት። ሄራክሌስ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ሲሄድ ክራር መሰሉን መሣሪያውን ይዛለት ከኋላው ትከተላለች። ጎበጥ ብላለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ክንዷ ላይ ንቅሳት አለ። ንቅሳቱ የትራቄ ሴት፣ ምናልባትም ባሪያ መሆኗን ይናገራል።

የኔ አያት አንገታቸውን ሙሉ የተነቀሱ የጎጃም ሴት ነበሩ። ንቅሳቱ ለውበት ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ ይኮሩበት ነበር። ጌሮፕሶም አገሯ እያለች የተነቀሰችው ለክብር ይሆናል። አቴና ስትገባ ግን የባዕድነት ምልክት ሆነባት። ሠዓሊው ግን ፊቷን በችኮላ አላለፈውም። መጨማደዱን ሁሉ ሥሎታል። የልጁ ፊት ከእሷ ፊት ጋር ሲተያይ ባዶ ነው።

የወለቃ_ልጅ

ጎህ፣ የአያትሽ ነገር ልቤን ነካው።

ስለ አንድሮሜዳ ያነሳ ስለሌለ ልጨምር። የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ጀግናው ፔርሴዎስ ያዳናት። ቦስተን ባለ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አጋማሽ ማሰሮ ላይ አፍሪካውያን አገልጋዮች ከተተከለ እንጨት ጋር ሊያስሯት ሲዘጋጁ ይታያሉ። እሷ ግን አፍሪካዊት አይደለችም። ሱሪና እጅጌ ያለው ጌጠኛ ልብስ ለብሳለች፤ የፋርስ ንግሥት ትመስላለች። የሰናይት ጥያቄ እዚህም አለ። ልዕልቲቱ ሌላ፣ አገልጋዮቿ ሌላ።

የጥንት ጸሐፍት አንዳንዶቹ ታሪኩን ያፎ አድርሰውታል። ዛሬም ያፎ ወደብ ላይ ቆማችሁ ባሕሩን ስታዩ የአንድሮሜዳ ድንጋይ የሚባል አለ። እኛ ልጆች ሆነን የትምህርት ቤት ጉብኝት ስንወጣ አስጎብኚው «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እዚህ ታስራ ነበር» አለ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ሰናይት_ለንደን

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ልበለው፤ ካየሁት ሁሉ የደረስኩበት ይህ ነው።

እነዚህ ሠዓሊዎች ባዕድን የሚለዩት ከሁሉ በፊት በልብስና በመሣሪያ ነው። ግሪክ ሱሪ አይለብስም። ሱሪ ያየህ እንደሆነ ከጥቁር ባሕር ሰሜን ያለው ፈረሰኛ ሕዝብ እስኩቴስ ነው፣ ፋርስ ነው፣ ወይ አማዞን ናት። ሾጣጣ ቆብና ቀስት ካለ እስኩቴስ። ፍሎረንስ ያለው የፍራንስዋ ማሰሮ፣ ወደ 570 ቅ.ል.ክ. የተሠራው፣ ከርከሮ አደኑ ላይ ሾጣጣ ቆብ ያደረጉ ቀስተኞች አሉት፤ የአንዱ ስም ቶክሳሚስ፣ የሌላው ኪሜሪዮስ ተብሎ ተጽፏል። (ይህ ማሰሮ በ1900 አንድ የሙዚየም ዘበኛ በንዴት ሰባብሮት 638 ስብርባሪ ሆኖ እንደገና የተጠገነ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።)

ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊት የሚሰጠው ለአጃቢ፣ ለአገልጋይ፣ ለሞግዚት ነው። የአጃቢዎቹ ፊት የአገር ስም ነው፤ «አይቲዮፒያ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ሰው አቆመ። ሜምኖን ደግሞ የዜማው ጀግና ነው። አኪሌስን የሚመጥን ካልሆነ አኪሌስ እሱን መግደሉ ምን ክብር አለው? ስለዚህ ግሪክ አደረጉት። ሉቭር ያለውን የሠዓሊውን የዱሪስን ጽዋ እዩ፤ ኤኦስ የልጇን ሬሳ ታቅፋ ቆማለች። ክንዱ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ፊቱን ታየዋለች። ያ ሬሳ የማንኛውም የግሪክ ጀግና ሬሳ ነው። አከበሩት፤ ሲያከብሩት ግን ፊቱን ወሰዱበት። እኔን ያሳመመኝ እሱ ነው።

ዲሲ_ዳር

ሐሳብሽ ያሳምነኛል። ግን ፊት ሁሉ ለአገልጋይ ብቻ ነው የሚለው ላይ ትንሽ ልከራከር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ከተሠሩት ባለ ሁለት ፊት የዘይት ዕቃዎች አንዱ ላይ ጽሑፍ አለ። በነጯ ሴት በኩል «እኔ ኤሮናሳ ነኝ፣ በጣም ቆንጆ» ይላል። በአፍሪካዊው በኩል «ቲሚሎስ እንደዚህ ፊት ያማረ ነው» ይላል። ፌዝ ነው የሚሉ አሉ። ሄሮዶቶስ ግን ኢትዮጵያውያን ከሰው ሁሉ ረጃጅምና ቆንጆ ናቸው ይባላል ብሎ ጽፏልና እኔ እንደ ፌዝ አልወስደውም። እዚህ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍራንክ ስኖውደን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ነው፤ የጥንቱ ዓለም ጥቁር ሰውን በቀለሙ የመናቅ የኋለኛው ዘመን በሽታ አልነበረበትም ብለው ተሟግተዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ብዙዎች ነገሩ ያን ያህል ንጹሕ አይደለም ብለዋል። የአዞው ልጅ ከእነዚያ ጋር ይቆማል፤ ቲሚሎስ ከስኖውደን ጋር።

ሌላም አለ። ኤክሴኪያስ ከሜምኖን አጃቢዎች በአንዱ ጎን የጻፈውን ስም አይተሻል? «አማሲስ» ይላል። አማሲስ የዘመኑ የግብፅ ፈርዖን ስም ነው፤ በዚያው ጊዜ አቴና ውስጥ የነበረ የታወቀ ሸክላ ሠሪ ስምም ነው። ኤክሴኪያስ የሥራ ባላንጣውን ነክቶታል የሚሉ ብዙ ናቸው። የሠፈሩን ሰዎች ስም ብትዘረዝሪው አማሲስ፣ ሊዶስ ማለትም «ሊድያዊው» (ሊድያ የዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ ናት)፣ ስኪቴስ ማለትም «እስኩቴሱ» ታገኛለሽ። ስም ብቻ ዘርን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ጭቃው ላይ ከተቀመጡት ስንቶቹ ራሳቸው ባዕዳን እንደነበሩ ያሳስባል።

መርካቶ_ልጅ

ይህን አላውቅም ነበር። ሊድያዊው ሊድያዊ ሲሥል ምን ያስብ ነበር ይሆን?

ጋሽ_ተሰማ

ክሴኖፋኔስ የሚባል የዚያው ዘመን ሊቅ ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁርና አፍንጨ ደፍጣጣ፣ ትራቄዎች ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ፀጉር አድርገው ያዩአቸዋል ብሏል። ሰው ሁሉ ትልቁን ነገር በራሱ መልክ ይሥላል። ሜምኖንን ግሪክ ያደረጉት እንደዚያ ነው እንጂ በክፋት አይመስለኝም፣ ልጄ።

ሰናይት_ለንደን

ጋሽ ተሰማ፣ ይህ ከኔ ሐሳብ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ መርካቶ_ልጅ ሶታዴስን ስላነሳ ነው። የአዞውን ዋንጫ ያወጣው ያው ሶታዴስ ሌላ ዋንጫ ላይ ስሙን ፈርሟል። አማዞን ናት፤ ፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ ከበላይዋ ያለው የዋንጫው አንገት ላይ ግሪኮችና ፋርሶች ይዋጋሉ። የተገኘው አቴና አይደለም፤ ኢጣሊያም አይደለም። ሜሮዌ ነው፣ ዛሬ ሱዳን፣ አንድ ፒራሚድ ሥር። ግሪኮቹ አይቲዮፔስ የሚሏቸው ሰዎች እጅ ገብቶ፣ ከእነሱ ጋር ተቀብሮ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቁፋሮ ወጣ። አንድ የኩሽ መኳንንት ያንን ዕቃ በእጁ ይዞ፣ ሱሪ የለበሰችውን ባዕድ ሴት እያገላበጠ አይቷታል ማለት ነው።

አሁን ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ አደራ፣ ለእይታ ካወጡት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱልኝ። ፊቷን በተለይ።

ጎህ

የእህቴ ልጅ እዚያ ትማራለች። ቅዳሜ እልካታለሁ።